የባሌ መዶሻ፣ የኔ ጆሮ

ባሌ መዶሻውን ግድግዳ ላይ ባሳረፈ ቁጥር ዓይኑን ወደ እኔ ይመልስ ነበር። የሚያየን ሰው ሚስቱን አይቶ የማይጠግብ ባል ይመስለው ነበር። ይወደኛል፣ አልክድም። የሚያየኝ ግን ለዚያ አልነበረም፤ ጆሮው ስለማይሰማ ነው። አሁን ነገሩ አደባባይ ስለወጣ ልጽፈው እችላለሁ።

ሥራችን የተበላ ኮንክሪትና የተሰነጠቀ ግንብ መጠገን ነው። ኑሯችን ሚዛን ተፈሪ ነው፤ ሲጠሩን በቴፒ መንገድ እንወርዳለን፣ አንዳንዴም እስከ ማሻ እንዘልቃለን። እሱ ግንበኛ ነው፣ እኔ ረዳት ነኝ። አሸዋ አጥባለሁ፣ ሲሚንቶ አቦካለሁ፣ ውሃ እሸከማለሁ። እኛ አገር ከወንዝ ዳር የሚመጣ አሸዋ ግማሹ ጭቃ ነው፤ እንደ ምስር ካልታጠበ ሲሚንቶውን አይዝም። ስንት ሰው ግን አሸዋ ያጥባል? ያመጣል፣ ያቦካል፣ ይገነባል፣ ቀለም ይቀባል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እኛን ይጠራል። ክረምቱ ረጅም ነው፣ በጋውም ቢሆን ዝናብ አይታመንም። ዛሬ የጠገንነውን ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና እንጠግነዋለን። አዲሱን ልስን ዝናብ እንዳያጥበው በሙዝ ቅጠል ሸፍነን ስንመለስ፣ በልቤ «እንግዲህ እስከሚቀጥለው» እላለሁ። የእጄ መዳፍ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል፤ እሱን የሚጠግን አላገኘሁም።

የመዶሻውን ነገር ላስረዳ። ኮንክሪት ላይ ላዩን ደህና መስሎ ከውስጥ ይበላል። ውሃ በቀጭን ስንጥቅ ይገባና በውስጡ ያለውን ብረት፣ ፌሮውን፣ ያዝገዋል። የዛገ ፌሮ ያብጣል፤ ሲያብጥ የለበሰውን ሲሚንቶ ከአካሉ ያላቅቀዋል። ከውጭ ልስኑ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ዓይን ምንም አያገኝም። ስለዚህ በመዶሻ ቀስ ተደርጎ ይመታል። ደህናው «ጥን» ይላል። የተላቀቀው እንደ ደረቀ ቅል «ዶብ» ይላል። ዶብ ያለው ቦታ በከሰል ምልክት ይደረግበታል፤ ደህናው እስኪገኝ ድረስ በመሮ ይፈለፈላል፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ ከዚያ እንደገና ይሞላል። ሙያው ያቺ መምታትና መስማት ናት፤ ቀሪው ጉልበት ነው።

ባሌ በጆሮው የታወቀ ሰው ነበር። ቤት የሚገዛ ነጋዴ ከመዋዋሉ በፊት «እስቲ አንዴ መጥተህ ምታልኝ» ይለው ነበር። ዞሮ ዞሮ ይመታል፤ «እዚህ ጋ ውሃ ገብቷል፣ እዚያ ጋ አሸዋው ቆሻሻ ነው» ይላል፤ ሲፈለፈል እንዳለው ይገኛል። ሰዎች ጠንቋይ ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ የቸርች ሰው ስለሆነ ቀልዱን አይወደውም፤ ዝናውን ግን ይወድ ነበር።

ጆሮው መሄዱን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሚዛን ውስጥ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ስንመረምር እኔ አሸዋ እነፋለሁ፣ እሱ የኋላውን ግድግዳ ይመታል። «ዶብ» ሲል በደንብ ሰማሁት። እሱ «ደህና ነው» ብሎ አለፈ። የሚቀልድ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ እዚያው መታ፤ አሁንም ዶብ፣ አሁንም አለፈ። ወንፊቱ እጄ ላይ ቀረ። ከኋላው ጠራሁት፣ አልዞረም። ጮክ ብዬ ደገምኩ፣ አልዞረም። ውሃ የማቀብል መስዬ ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ፊቴን አየና ደነገጠ። እኔን እያየ ቀስ ብሎ እንደገና መታ። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ፤ አስቤበት አልነበረም፣ እንዲሁ አቅቶኝ ነው። ከኪሱ ከሰሉን አወጣና እዚያ ቦታ ላይ ምልክት አደረገ።

በማግስቱም እንዲሁ አደረግን። ከዚያ በኋላ ሕግ ሆነ። ደህና ሲሆን ቀጥ ብዬ አየዋለሁ፤ ዶብ ሲል ዓይኔን እጥላለሁ። አንድም ቀን ተቀምጠን አልተነጋገርንበትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በጉብዝናው ዘመን ድልድይ ከሚያፈርሱ ሰዎች ጋር ተቀጥሮ ኮንክሪት መስበሪያ ማሽን ላይ ስንት ዓመት ውሏል። ያኔ ጆሮን የሚሸፍን ነገር ማን ይሰጣል? ማታ ሲገባ «ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ገብቷል» እያለ ይስቅ ነበር። ፌንጣው እዚያው ቤቱን ሠራ።

በቸርች ወንጌላዊው ሲጸልይ ሰው ሁሉ «አሜን» ካለ በኋላ እሱ ብቻውን «አሜን» ይላል፤ ከዚያ ወዲህ በክርኔ እሱን መጎሰም ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ደግሞ መጣላት አቆምን። ጆሮ የማይሰማ ባል ያላት ሴት በሹክሹክታ መጣላት አትችልም፤ ብትጮህ ጎረቤት ይሰማል፣ ዝም ብትል ይታመቃል። አፌን አይቶ ያነባል፤ እኔ አፌን የፈታሁት በቤንችኖን፣ እሱ በሸኪ ኖኖ፣ የተጋባነው በአማርኛ ነው። ለሁለታችንም ከሰው የወሰድነው ቋንቋ ነው። በዚያ ላይ ያለ ድምፅ ልናወራው ሆነ። ነገር ሲበዛበት ደግሞ ጀርባውን ይሰጠኛል። በዚህች ዘዴ የተሸነፈበት ቀን የለም።

ደከመኝ። እውነቱ ይሄ ነው። ሌላ ሴት ሲደክማት ትቀመጣለች፤ እኔ ግን ወገቤ እየተቆረጠ ፊቴ ሥራ ላይ ነው። እሱ ሲመታ ማስነጠስ አልችልም፣ ከሰው ጋር መጨዋወት አልችልም፣ የሚያሳዝን ነገር ማሰብ አልችልም፤ ፊቴ ከጠቆረ ዶብ ያለ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ የእናቴ ነገር ትዝ ብሎኝ ዓይኔን ብጥል፣ ደህናውን ግድግዳ ግማሽ ቀን ሙሉ ፈለፈልነው። ከሁሉ ከሁሉ ግን መታመም አልችልም ነበር።

ባለፈው መስከረም ታመምኩ። ወባ ነው፤ ጣለኝና አልጋ ላይ ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን ሐጂ ደወሉ። ሐጂ ከጅማ በኩል የመጡ የቡና ሰው ናቸው፤ በቴፒ መንገድ ላይ ያረጀ የእሸት ቡና ማጠቢያ አላቸው። እዚያ ማጠቢያ ውስጥ አንድ ትልቅ የኮንክሪት ገንዳ በአራት ምሰሶ ላይ ቆሞ ከሰው ቁመት በላይ ተሠርቷል። መኪና በላይኛው ሜዳ ቆሞ ቀዩን እሸት እዚያ ገንዳ ውስጥ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ በውሃ እየተገፋ ወደ መፈልፈያው ይወርዳል። የእሸት ቡና ውሃ ሲፈስ ጣፋጭ ነው፣ ሲያድር ይኮመጥጣል፤ ያ ኮምጣጣ ውሃ ሲሚንቶ ይበላል። ከገንዳው እየተንጠባጠበ ምሰሶዎቹን ስንት ዓመት ልሷቸዋል። ስለዚህ ሐጂ በየዓመቱ ቡና ከመግባቱ በፊት እኛን ጠርተው ምሰሶዎቹን ያስመታሉ። ደህና ነው ሲባሉ ኖራ ያስቀቡና፣ ሽማግሌ ጠርተው ዱዓ ያስደርጋሉ፣ ሥራ ይጀመራል።

ከዚያ ገንዳ ሥር ሴቶች ይቀመጣሉ። ዳገቱ ላይ ከዝናብ የሚያስጠልል ሌላ ቦታ ስለሌለ ሐጂ አግዳሚ ወንበር አሠርተውላቸዋል። ሙሉ ቀን እዚያ ተቀምጠው ያልበሰለውንና የተበላውን እሸት ይለቅማሉ። ገንዳው ሲሞላ ስንት ኩንታል ቡና ከነውሃው ከጭንቅላታቸው በላይ እንደሚሆን እኔ አላውቅም። ብዙ ነው።

«እስክነሳ ጠብቅ» አልኩት ባሌን፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አፌን እያሳየሁ።

«ቡና ይጠብቃል እንዴ?» አለኝ። የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ትኩሳቱ ስለያዘኝ ልከተለው አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ሙዝ ይዞ ተመለሰ። «ጨረስኩ። አራቱም ደህና ናቸው» አለ።

«በምን አወቅህ?»

አፌን እንዳላየ ሆኖ ኮቱን ለመስቀል ዞረ። እኔም ተነስቼ፣ ግድግዳ ይዤ፣ ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ። «በምን አወቅህ?» አልኩ እንደገና።

መሸሻ ሲያጣ ነገረኝ። ምሰሶውን ሲመታ እንደ ልማዱ ዓይኑን ዘወር ሲያደርግ፣ እኔ በምቆምበት በኩል አንዲት ለቃሚ ተቀምጣ ነበር። «ያቺ ቀጭኗ፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረችው። በመታሁ ቁጥር አየኋት፣ በመታሁ ቁጥር ራሷን ነቀነቀች። ሰምታ ነው እንጂ ለምን ትነቀንቃለች?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ በረደኝ። እኛ ዘንድ አንድ ትልቅ ሰው ዓይን ዓይንሽን ካየሽ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ሰላም ትያለሽ። አሥር ጊዜ ቢያይሽ አሥር ጊዜ ታደርጊያለሽ፤ ያላደረገች ስድ ትባላለች። ልጅቷ በደንብ ያደገች ናት፣ ሌላ ነገር የለውም። ይህን ባሌ ያጣዋል? ዕድሜ ልኩን ሰላም ሲባል የኖረ ሰው ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እሱም ጆሮ ቸግሮት ያገኘውን ፊት ተቀበለ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የሚንቀጠቀጥ ከንፈር ማንበብ እንደማይችል አውቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ክኒኔን ውጬ ተነሳሁ። የት ትሄጃለሽ አላለኝም። ቦርሳውን አንስቶ ተከተለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ መንገዱ ሲያነጥረን ክንዴን ይይዘኛል። ደህና ቢሆንስ እያልኩ እመኝ ነበር። ደህና ቢሆን ማንም ሳያውቅ ተመልሼ እተኛለሁ፣ እሱም ስሙ እንደታፈረ ይቀራል። ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ግንበኛ ከስሙ ሌላ ምን አለው?

ስንደርስ ያካፋል። ምሰሶዎቹ ትናንት ማታ ኖራ ተቀብተው ነጭ ሆነዋል። ሴቶቹ ቦታቸውን ይዘዋል፤ አንድ ሁለት ጆንያ እሸት በሰው ሸክም መጥቶ እሱን እየለቀሙ ነው። ሐጂ ሚዛኑ አጠገብ በላስቲክ ወንበራቸው ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል።

«አላህ ይማርሽ እህቴ! በዚህ ዝናብ ምን አስነሳሽ?» አሉኝ።

«የቀረ ልስን ካለ ልይ ብዬ ነው ሐጂ» አልኩ። የቀኑ የመጀመሪያ ውሸቴ ነበር።

መዶሻውን ከባሌ እጅ ተቀበልኩ። አንደኛውን ምሰሶ መታሁ፤ ጥን። ሁለተኛው፣ ጥን። ሦስተኛውን ከጉልበቴ ከፍ አድርጌ መታሁ፤ ዶብ። ከፍ አልኩ፣ ዶብ። ደረቴ ጋ፣ ዶብ። ወደ ውስጠኛው ጎን ዞሬ መታሁ፤ እዚያማ ጭራሽ ቅል ነው። አንዲት ሴት ጀርባዋን እዚያው ምሰሶ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ቢጫ ሻሽ አስራለች። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረግሁትን ስጽፍ አፍራለሁ። ያን ጊዜ «ውጡ!» ብዬ መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። ወደ ሐጂ ሄጄ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልስን ይቀረዋል፤ ዛሬ እናድርሰው፣ ሴቶቹ ለጊዜው ወዲያ ይሁኑልን» አልኩ። ባሌንም ሴቶቹንም በአንድ ልስን ልሸፍን ፈለግሁ። ስንት ጊዜ ሰው «ቀለም ቀብታችሁ ዝም በሉ» ሲለን ስቀንበታል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለን ስንቱን መክረናል። ያን ቀን እኔው ቀቢ ሆንኩ።

«ልስን ከሆነ ከቡናው በኋላ ይደረሳል» አሉ ሐጂ። «አይሱዙው እሸት ጭኖ መንገድ ላይ ነው። ዱዓውም ዛሬ ጠዋት ተደርጓል። ባልሽ ትናንት ደህና ነው ብሎኛል፤ በዚህ አገር ከእሱ ጆሮ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

ክፉ ሰው አይደሉም። ያመኑትን ነው የተናገሩት። ያ ቃል ግን ከወባው ይልቅ አንቀጠቀጠኝ።

ባሌ ስድስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ሐጂ ያሉትን አልሰማም፤ ፊቴን ነው የሚያየው። አሁን ወይ የእሱ ስም ይወድቃል፣ ወይ ገንዳው ይወድቃል። የባልን ገበና በሰው ፊት ማውጣት አልለመድኩም፤ ያደግሁት ሸፍኚ እየተባልኩ ነው። እሱን አየሁት። ከዚያ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

ገባው። ቀስ ብሎ መጣና እጁን ሦስተኛው ምሰሶ ላይ አሳረፈ። ኖራው መዳፉን ነጭ አደረገው። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ድምፁን ሳይመጥን፣ ዳገቱ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ተናገረ።

«ሐጂ፣ ጆሮዬ ሞቷል። ሦስት ዓመት ሆነው። የምትሰማልኝ እሷ ነበረች። ትናንት ደግሞ እሷ አልነበረችም።»

የለቃሚዎቹ እጅ ሁሉ ቆመ። ሐጂ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ታዲያ ትናንት በምን ደህና ነው አልከኝ?» አሉ። አልሰማቸውም። ወደ እኔ ዞረ፤ በከንፈሬ ነገርኩት። እጁን አንስቶ ባለ ቢጫ ሻሿን አሳየ።

«እሷ ራሷን ነቀነቀችልኝ።»

ልጅቷ ደንግጣ ተነሳች፤ ጉልበቷ ላይ የነበረው እሸት ተበተነ። «እኔ? እኔ እኮ ሰላም እያሉኝ መስሎኝ ነው ጋሼ! ደጋግመው አዩኝ፣ እኔም ደጋግሜ ሰላም አልኩ። ምን አጠፋሁ?»

ከኋላ አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋም ተከተለች። ሐጂ ግን አልሳቁም። ከወንበራቸው ሲነሱ ወንበሩ ተገለበጠ።

«ሱብሃነላህ! የሰው ነፍስ በሰላምታ ታሳልፋለህ? እኔ አምኜህ፣ ዱዓ አስደርጌ፣ የሰው ልጅ ከሥሩ አስቀምጬ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ልስን ነው ያልሽኝ። አሁን፣ እዚሁ፣ ልስን!»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚያ ቀን የሚገባኝ ስድብ ግን ደርሶኝ አያውቅም። አጠገቤ ያለው ጆሮው የማይሰማ ሰው እንኳ ስድቡን ከሐጂ ፊት ላይ ያነበው ነበር። ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ለራሱም ለእኔም የተቀበለ መሰለኝ።

ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው አይሱዙው ባለበት እንዲቆም አዘዙ። ሴቶቹን «ውጡ፣ ውጡ!» ብለው በእጃቸው እያባረሩ ወደ ካፊያው አስወጧቸው። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ዳር ላይ ተደርድረው ቆሙ። ከዚያ ሐጂ ክንዳቸውን አጣምረው «አሳየኝ» አሉ።

ባሌ መሮውን አወጣ። የት እንደሆነ እየጠቆምኩ አሳየሁት። አንዴ መታ። ሁለቴ። በሦስተኛው፣ ከጉልበት እስከ ደረት ያለው የምሰሶው ሽፋን ከነኖራው አንድ ላይ ተገንጥሎ እግሩ ሥር ወደቀ። ውስጡ ጥቁር እርጥብ ነበር፤ የኮመጠጠ ቡና ሽታ ወጣ። ጠጠሩ በእጅ ይለቀማል። ሲሚንቶው እንደ ረጠበ በሶ ጣት ላይ ይፈርሳል። የአውራ ጣት ውፍረት የነበረው ፌሮ የመጥረጊያ ጭራ አክሏል። በማዕዘኑ በኩል ያለው ፌሮ ደግሞ የለም፤ በነበረበት ቦታ ቀይ ዱቄት ብቻ ቀርቷል። ሐጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚጸልዩ መሰለኝ።

ባሌ ከፍርስራሹ ቆንጥሮ በጣቶቹ መሐል አሸው። ቀና ብሎ ከላይ ያለውን ገንዳ አየ። ከዚያ ባዶውን አግዳሚ ወንበር አየ። ከዚያ ዝናብ ላይ የቆሙትን ሴቶች አየ።

«ስንት ናቸው?» አለኝ።

ስገባ ቆጥሬያቸው ነበር። ሦስት ዓመት እንደለመድነው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ነገርኩት። ትኩር ብሎ አየኝ። አልያዘውም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ከንፈሬን ሊያነብ አልቻለም።

«ስንት?» አለ እንደገና።

«አሥራ ሁለት!» ብዬ ጮህኩ።

ባሌ ላይ በሰው ፊት ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። ባለ ቢጫ ሻሿ ምን እንደተባለ ቶሎ አልገባትም፤ ጣቷን እየጠቆመች ጓደኞቿን አንድ በአንድ ቆጠረች። ጨርሳ ግራ እንደተጋባች ወደ እኔ መጣች።

«አሥራ አንድ ናቸው እኮ እትዬ» አለችኝ።

እጄን እርጥብ ትከሻዋ ላይ አደረግሁ።

«አንቺም አለሽ» አልኳት።